ጳጉሜ ውስጥ የተመዘገቡት

የኮምፒውተር ሠራተኛዋ ጡረታ ወጣች ሲባል ሰፈራችን ሳቀ። ለነሱ ኮምፒውተር የወጣት ነገር ነው፤ ጡረታ ደግሞ የመምህርና የወታደር። ጎረቤቴ ቁጭ ብሎ የሚሠራ ሰው በምን ይደክማል አለችኝ። አልተቀየምኋትም። ዕድሜዬን ሙሉ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ምን ስሠራ እንደኖርሁ ለገዛ ልጆቼም በወጉ ነግሬያቸው አላውቅም። ሥራዬ የሰው ስም ማስገባት ነበር። ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ፣ ሕመም። ስንቱን እንዳስገባሁ አላስታውስም። ሳይገቡ የቀሩትን ግን አስታውሳለሁ፤ ይህን የምጽፈውም ስለነሱ ነው።

ሥራ የጀመርሁት አማኑኤል ከተማ ነው፣ በሰማንያዎቹ መጨረሻ፣ በታይፕ። አለቃዬ ድምፀ ቀጭን፣ ግንባረ ቋጣሪ ሰው ነበሩ። ከገጹ ግርጌ አንድ ፊደል ከሳትሁ ገጹን እንደ ገና ያስመቱኛል። ደመወዙ ከቤት ኪራይና ከሽሮ አያልፍም ነበር፤ ስለሱ ይኸ ይበቃል። ከዚያ ወደ ደብረ ማርቆስ ተዛወርሁ። ኮምፒውተር መጀመሪያ ያየሁት እዚያ ነው። መስኮቱ በመጋረጃ ተከልሏል፣ ማሽኑ የጥልፍ ጨርቅ ለብሷል፣ የሚገባው ሰው ሁሉ አቧራ እንዳያስገባ ጫማውን በር ላይ ያወልቃል። ክረምት ላይ በካልሲ ሲሚንቶ ላይ ቆመን መብራት እስኪመጣ እንጠብቅ ነበር። እግሬ እስከ ዛሬ ብርድ የማይችለው ከዚያ ወዲህ ይመስለኛል።

ሙያውን በወጉ የተማርሁት ግን ቆይቶ፣ አንድ የዓይን ሕክምና ፕሮጀክት ሲቀጥረኝ ነው። ፕሮጀክቱ ዛሬ የለም፤ ስሙን አላነሣም። በኛ ደጋ ትራኮማ ብዙ ሰው ያሠቃይ ነበር። ሕመሙ ሲቆይ የዓይን ቆቡ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ሽፋሽፍቱ ብሌኑን ይፍቃል። እናቶች ሽፋሽፍታቸውን በወረንጦ እየነቀሉ ይኖራሉ። የተነቀለው ጠንክሮ ይበቅላል፤ ብሌኑም ቀስ በቀስ ነጭ ይለብሳል። በጊዜ ከተደረሰለት ቆቡን በትንሽ ቀዶ ጥገና ማቃናት ይቻላል። የፕሮጀክቱ መዝጋቢዎች ቤት ለቤት እየዞሩ የሰዉን ዓይን ያያሉ። ያዩትን እኛ ወደ ኮምፒውተር እናስገባለን። ኮምፒውተሩ በየትኛው ቀበሌ ስንት ታማሚ እንዳለ ያወጣል፤ ሐኪሞቹም ድንኳናቸውን ጭነው ወደዚያ ይሄዳሉ። ተመዝግቦ የገባ ሰው ይጠራል፤ ያልገባ አይጠራም። ነገሩ ይኸው ነበር።

ያስተማሩኝ አቶ ልሣኑ ናቸው። በልጅነታቸው ደብረ ወርቅ ቅኔ ቆጥረው፣ ዲቁና ተቀብለው፣ ኋላ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገብተው አዲስ አበባ ስታትስቲክስ ያጠኑ ሰው ነበሩ። ኮትና ክራባት ለብሰው ከላይ ነጠላ ያጣፋሉ። ሲናገሩ አይቸኩሉም። ፕሮግራሙን የጻፉት ራሳቸው ነበሩ፤ እኔም ሥር ሥራቸው እያልሁ ተማርሁ።

አንድ ቤተሰብ ሲመዘገብ የሚጻፈው አንድ ቦታ አይደለም። ቤቱ በአንድ ሰንጠረዥ፣ የቤቱ ሰዎች በሌላ፣ የዓይናቸው ሁኔታና ምርመራው የተደረገበት ቀን በሦስተኛው ይገባል። ከነዚህ አንዱን ማሽኑ አልቀበልም ቢል የቀሩት ምን ይሁኑ? እኔ፣ የገባው ገብቶ የቀረው በኋላ ይሟላል ባይ ነበርሁ። አቶ ልሣኑ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ።

«ካህኑ ሙሽራውን አቁርበው ሙሽሪትን ትተው ቢወጡ፣ ተክሊሉ ተፈጸመ ትያለሽ?»

«አልልም።»

«እንግዲያስ ይኸም እንደዚያው ነው።»

በሙያው ይኸን ትራንዛክሽን እንለዋለን። ቤቱ፣ ሰዎቹና ዓይናቸው አንድ ላይ ታስረው ይገባሉ። አንዱ እንቢ ካለ ሁሉም ተመልሶ ይወጣል፤ ዳታቤዙም፣ ማለት ጠቅላላው መዝገብ፣ ከመጀመራችን በፊት እንደነበረው ይሆናል። መሐል ላይ መብራት ቢጠፋም እንዲሁ። ክረምት ላይ መብራት ስንት ጊዜ መሐል ላይ እንደሚሄድብን የዚያ አገር ሰው ያውቀዋል። ሲመለስ ግን ግማሽ የገባ ቤት አግኝተን አናውቅም። ደግሞ የአንዱ ቤት እንከን ሌላውን እንዳይጎትት እያንዳንዱን ቤት ለየብቻ ነበር የሚያስሩት። እንቢ የተባለው ከነምክንያቱ ወደ ሌላ ሰንጠረዥ ይሄዳል። ያን ሰንጠረዥ «ተመላሾች» ብለውታል።

አቶ ልሣኑ ጠዋት ቢሮ ሲገቡ አዲስ ሥራ አይጀምሩም። መጀመሪያ ተመላሾችን ይከፍታሉ። የያንዳንዱን ስም ከነአባቱ ድምፅ አውጥተው ያነባሉ፤ ቀጥሎ ለምን እንደተመለሰ ያያሉ። ዕድሜው ያልተጻፈ ይኖራል፣ ልጅ ከእናቱ በልጦ የተጻፈ ይኖራል። ወጣቶቹ ማሽኑ ዝም እንዲላቸው የሆነ ቁጥር ሞልተው ማለፍ ይወዱ ነበር። እሳቸው ይኸን አይፈቅዱም። መዝጋቢው ገጠር ከሆነ በሚኒባስ ረዳት መልእክት ይልኩበታል፤ ስልክ ገና ከተማ ብቻ ነበር። መልሱ እስኪመጣ ያ ሰው ከተመላሾች አይወጣም።

አንድ ጊዜ ማሽኑ አንዲትን ሴት ከዚህ በፊት ገብታለች ብሎ መለሳት። ስሟም፣ የአባቷም ስም፣ ቤቱም አንድ ነው። ማንም ቢሆን መዝጋቢው ሁለቴ ጽፏት ነው ብሎ ይሰርዛታል። አቶ ልሣኑ ግን አስጠየቁ። ለካ አማትና ምራት ናቸው። የሁለቱም ስም፣ የአባቶቻቸውም ስም ገጥሟል፤ የሁለቱም ዓይን ታሟል። ሁለቱም ታከሙ። ምራቲቱ ኋላ ቢሮ ድረስ መጥታ አመሰገነች። እኔ በዚያ ቀን ሥራዬን ወደድሁት።

ፕሮጀክቱ ሲሰፋ አዲስ ፕሮግራም ተገዛ፣ አዲስ ኃላፊም መጣልን፤ ሄኖክ ይባላል። ወጣት ነው፣ ትሑት ነው፣ ሰው ሲገባ ከወንበሩ ይነሣል። ክፉ ሰው እንደነበረ አድርጌ ብጽፍ እዋሻለሁ። አቶ ልሣኑ የባሕር ዳሩን ቢሮ እንዲያቋቁሙ ተላኩ፤ እኔ በአማኑኤል በኩል ያለውን ምዝገባ ያዝሁ። በሮብ ገበያ ከተማ በኩል፣ ወደ ጮቄ ተራራ ከፍ ያሉት ቀበሌዎች የሄኖክ ድርሻ ሆኑ።

እነዚያ ቀበሌዎች የተመዘገቡት ጳጉሜ ውስጥ ነበር። መዝጋቢዎቹ አስበውበት ነው። በጳጉሜ ሰው ጠበል ለመጠመቅ ይወጣል፣ በሩፋኤል ዕለት ዝናቡም ጠበል ነው እየተባለ ሽማግሌው ሁሉ ደጅ ይቆማል። ሌላ ጊዜ ከቤቱ የማይወጣ ሰው ሁሉ በቀላሉ ይገኛል። ጭቃውን እየረገጡ ዞረው የብዙ ሰው ዓይን አዩ።

አዲሱን ፕሮግራም የሠሩት ሰዎች ግን ዓመት ዐሥራ ሁለት ወር ብቻ ያለው የሚመስላቸው ነበሩ። ጳጉሜ ሲመጣበት ማሽኑ እንዲህ ያለ ወር አላውቅም ይላል። ፕሮግራሙ ደግሞ አንዱን ቀበሌ በሙሉ በአንድ ላይ ነበር የሚያስረው። አንድ መስመር እንቢ ሲባል የቀበሌው ሰው ሁሉ ተመልሶ ይወጣል። ሄኖክ ደጋግሞ ሞከረ፤ ደጋግሞ ወጣበት። ገንዘብ የሚሰጡት እንግዶች ለጉብኝት ሊመጡ ተቃርበዋል፣ ከላይ ሪፖርቱን ይጠይቁታል። ስለዚህ ማሰሪያውን ፈታው። ማሽኑን፣ እንቢ ያልኸውን እየዘለልህ ቀጥል አለው። ተመላሾች የሚባል ሰንጠረዥ በአዲሱ ፕሮግራም ውስጥ አልነበረም። የተዘለለው የትም አልተጻፈም። መጨረሻ ላይ «ተጠናቋል» የሚል ቃል ወጣ፤ ሄኖክም እፎይ አለ።

የሆነው እንዲህ ነው። ቤቶቹ ገቡ። ሰዎቹ ገቡ። ቀን የሚጻፍበት የዓይን ምርመራው ብቻ፣ ቀኑ ጳጉሜ ስለሆነ፣ ቀረ። ሪፖርቱ ሲወጣ እነዚያ ቀበሌዎች ሙሉ በሙሉ የተመዘገቡ፣ ታማሚ ግን የሌለባቸው ሆነው ታዩ። ሐኪሞቹም ድንኳናቸውን ወደ ሌላ ወሰዱ።

አቶ ልሣኑ ታላቅ እኅት ነበሯቸው፤ ወይዘሮ አበቡ ይባላሉ። እናታቸው በልጅነታቸው ስለሞተችባቸው ያሳደጓቸው እኒህ እኅታቸው ናቸው። ደብረ ወርቅ ለትምህርት ሲሄዱ ስንቅ የሚያቀብሏቸውም እሳቸው ነበሩ። ባላቸው ሞቶ ከሮብ ገበያ ወዲያ ገብስ እያረሱ፣ በጎችም እያረቡ ብቻቸውን ይኖራሉ። እሳቸውም በጳጉሜ ተመዝግበው ነበር።

ለመስቀል አቶ ልሣኑ ከባሕር ዳር ሊጠይቋቸው ሄዱ። የእኅታቸው ዓይን ቀልቷል፣ ያለቅሳል፤ ወረንጦው በአንገታቸው ክር ላይ ታስሯል። ወይዘሮ አበቡ ያንተ መሥሪያ ቤት ሰዎች መጥተው አይተውኛል፣ ይጠሩሻል ብለውኛል አሏቸው። ቀጥለውም፣ እንደ ማፈር ብለው፣ ለሐኪሞቹ ቀድመህ ብትነግርልኝስ አሏቸው። አቶ ልሣኑ ይኸን የነገሩኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ሲነግሩኝ ጠረጴዛውን እንጂ እኔን አላዩም። «ከሰው ፊት አስቀድሜሽ አልገባም፣ ተራሽን ጠብቂ አልኋት» አሉኝ። ወይዘሮ አበቡም ደግመው አልጠየቁም። አጨዳው መጣ፣ ውቂያው መጣ፣ የእብቁ ብናኝ መጣ። ተራቸውን ጠበቁ።

በጥር ለገበያ ባሕር ዳር የወጣ የመንደራቸው ሰው መልእክት አመጣ፤ እኅትዎ ግድግዳ እየዳበሱ ነው የሚሄዱ የሚል። አቶ ልሣኑ ፈቃድ ጠይቀው ሄዱ። ሲመለሱ በቀጥታ ወደኛ፣ ወደ ደብረ ማርቆሱ ቢሮ መጡ። እኅታቸው የነጠላቸውን ጫፍ ይዘው ከኋላ ይከተሏቸዋል። አጭር፣ ቀጭን፣ ፊታቸውን ነፋስና ፀሐይ ያጠቆረው ሴት ናቸው። ወንበር ሰጠኋቸው። ወንበሩን በእጃቸው ዙሪያውን ነክተው ነው የተቀመጡት።

አቶ ልሣኑ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጡኝ የእኅታቸውን ስም እንድፈልግ ጠየቁኝ። ቀበሌውን፣ ስማቸውን፣ የአባታቸውን ስም መታሁ። ወዲያው ወጣ። ቤታቸው አለ። ስማቸው አለ፤ ዕድሜያቸውም ትክክል ነው። የዓይን ምርመራ በሚለው ቦታ ግን ምንም የለም፤ ባዶ ነው። በስተቀኝ ፕሮግራሙ ራሱ «ችግር የሌለበት» ብሎ ሞልቶበታል።

አቶ ልሣኑ ከኋላዬ ቆመው ያነባሉ። ትንፋሻቸው ይሰማኛል።

ወይዘሮ አበቡ የኪቦርዱ ድምፅ ሲቆም አንገታቸውን ወደኛ አዘነበሉ።

«አለሁበት?» አሉ።

«አሉ፣ እትዬ» አልኋቸው።

ፊታቸው በራ። «አላልሁህም፣ ወንድምዓለም? ስሜ አለ አላልሁህም?» አሉ። ከዚያ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው፣ አሁን እንደሚጠራ ሰው ተቀመጡ።

አቶ ልሣኑ ከክፍሉ ወጡ። ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ተደግፈው ሲቆሙ በመስታወቱ አየኋቸው። ሲመለሱ ከጎኔ ተቀምጠው የጎረቤቶቹን አንድ በአንድ አስከፈቱኝ። የሁሉም ባዶ ነው። የሚቀጥለውም ቀበሌ ባዶ ነው። መዝጋቢዎቹ መቼ እንደሄዱ አስታወሱ፤ ጳጉሜ አሉ፣ ለራሳቸው ያህል። ከዚያ ሄኖክን አስጠሩ።

ሄኖክ እንደ ልማዱ እጅ ነሥቶ ገባ። አቶ ልሣኑ ቀስ ብለው፣ ማሽኑ ሲመልስብህ ምን አደረግህ ብለው ጠየቁት። እሱም ሳይደብቅ ነገራቸው። እየነገራቸው ሳለ ስክሪኑን አየ፤ ወንበሩ ላይ የተቀመጡትን ሴት አየ።

«ማሽኑ እንቢ ብሎህ ነበር» አሉት አቶ ልሣኑ። «እንቢታው ነበር የሚያድናቸው። አንተ አፉን ያዝህበት።»

ድምፃቸውን አላነሡም። ሄኖክም አልተከራከረም። ወይዘሮ አበቡ ማን እንደሆነ ሳያውቁ ልጁን አትቆጣው አሏቸው።

በማግሥቱ ሐኪሙ አያቸው። የግራው ከነጭራሹ ሄዷል፤ ቀኙ ብርሃንና ጨለማን ብቻ ይለያል። ቆቡን አቃኑላቸው፤ ሕመሙ ቀረላቸው፤ ብርሃኑ ግን አልተመለሰም። ፋሻው ሲነሣ እኔም ነበርሁ። ሐኪሙ እጁን ከፊታቸው አድርጎ ምን ይታይዎታል አላቸው። ወይዘሮ አበቡ ሐኪሙን ላለማሳዘን ብለው ይመስለኛል፣ ተሽሎኛል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ አሉ።

እኔና አቶ ልሣኑ የነዚያን ቀበሌዎች ምዝገባ እንደ ገና አስገባን። እሳቸው የጳጉሜን ነገር ፕሮግራሙ ውስጥ ገብተው አስተካከሉ፤ እያንዳንዱን ቤት ለየብቻ መልሰው አሰሩት፤ ተመላሾችንም መልሰው ሠሩ። ማስገባት ስንጀምር ስክሪኑ ላይ ባዶ የነበረው ቦታ እየሞላ ሄደ። ሁለቱም ዓይን። ቀኝ። ሁለቱም። ግራ። ከዚያ በፊት አንድ ቀበሌ በሰላም ሲገባልን አቶ ልሣኑ ተመስገን ይሉ ነበር። ያን ቀን አላሉም። እኔም ከስክሪኑ ዞር ማለት አልቻልሁም፤ እያንዳንዱ መስመር ከመስከረም ጀምሮ ደጁን እያየ የተቀመጠ ሰው ነው።

ሐኪሞቹ ሄዱ። ሄኖክ መኪና እስከማይገባበት ድረስ በእግሩ አብሯቸው ሄደ፤ አሮጊቶቹን እጃቸውን ይዞ ወደ ድንኳኑ የሚያደርሰው እሱ እንደነበረ ሰምቻለሁ። ብዙው ሰው ተደረሰለት። ያልተደረሰላቸውም ነበሩ። ሄኖክ ሥራውን ለቅቆ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ከዚያ በኋላ በዚህ ሙያ እንደሠራ አልሰማሁም።

አቶ ልሣኑም ብዙ አልቆዩም። ተመላሾች ውስጥ የቀረውን የመጨረሻውን ሰው ጉዳይ ከጨረሱ በኋላ ማመልከቻቸውን አስገቡ። ዳይሬክተሩ ጥፋቱ የርስዎ አይደለም ብለው ሊያስቀሯቸው ሞከሩ። እሳቸው አመስግነው ወጡ። ቤታቸውን አከራይተው ሮብ ገበያ፣ እኅታቸው ዘንድ ገቡ። ቅዳሜ ገበያ የመጣ ሰው፣ ገብሱን ሲያሳርሱ፣ በጎቹን ሲያስገቡ፣ እሑድ እኅታቸውን ይዘው ቤተ ክርስቲያን ሲስሙ እንዳያቸው ይነግረኝ ነበር።

እኔ ሥራዬን ቀጠልሁ። ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ሌላ መሥሪያ ቤት ገባሁ፣ ከዚያም ሌላ። ማሽኖቹ ፈጠኑ፣ ጫማ ማውለቅ ቀረ፣ ወጣቶቹ እኔ ወር የሚፈጅብኝን በምሳ ሰዓት ይጨርሱታል። ባስተማርኋቸው ቁጥር ትራንዛክሽን ላይ ስደርስ ብዙ እቆያለሁ። ይሰላቻሉ፤ ፕሮግራሙ ራሱ ያደርገዋል ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፣ አሁን ራሱ ያደርገዋል። እንቢ ሲል ዝለለው የሚለው ትእዛዝ ግን ዛሬም እንዳለ አለ፤ ለመጻፍም አንድ መስመር ብቻ ነው።

አቶ ልሣኑ ያረፉት እኔ ጡረታ ከመውጣቴ በፊት ነው። ጉበታቸውን ታመው ነበር። ሥራ ላይ ሆኜ ቀብራቸው አመለጠኝ። ጡረታ እንደ ወጣሁ መጀመሪያ ያደረግሁት ወይዘሮ አበቡን ለመጠየቅ ሮብ ገበያ መሄድ ነው።

በድምፄ አወቁኝ። ስለ ወንድማቸው ብዙ አወሩኝ። ማታ ማታ መዝሙረ ዳዊት ያነቡላቸው እንደነበረ፣ ሰማዩ ምን እንደሚመስል፣ ጮቄ ደመና ለብሶ እንደሆነ፣ የማን እርሻ እንዳፈራ ሳይጠየቁ ይነግሯቸው እንደነበረ። አሁን ማንም አይነግረኝም አሉ። ከዚያ ወደኔ ቀረቡ።

«ስሚኝ ልጄ። ዐቢይ ጾም በገባ ቁጥር እግሬ ላይ ይወድቅ ነበር። ይቅር በይኝ ይለኛል። ይቅር ብዬሃለሁ እለዋለሁ፣ ከልቤ ነው። ዝም ይላል። በዓመቱ ደግሞ ይወድቃል። ስነግረው ፊቱን ባየው ኖሮ አውቅ ነበር። አምኖኝ ይሆን?»

«አምነውዎታል» አልኋቸው።

እጃቸውን ዘርግተው ፊቴን ፈለጉ። ጉንጬን፣ ከዚያ ከዓይኔ ሥር ያለውን በጣታቸው ዳሰሱ። እርጥብ ነበር። እጃቸውን ቀስ ብለው መለሱና ሌላ ነገር አልጠየቁኝም።